ራሱን የሚገታ ሙቀት፦ ጥላሸትና ፕላስቲክ ተገናኝተው እንዴት ማሞቂያ ሆኑ?

ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ይህን ነገር ሳታዩት አትቀሩም። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ተሰክቷል፣ ግን አይሞቅም። ተገልብጦ ሲታይ ከሸክላው ሥር በቦዩ ውስጥ የተኛው ጥምዝምዝ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል። የተበጠሰው የጥፍር ያህል ቦታ ነው፤ የቀረው ሽቦ ምንም አልሆነም። ቢሆንም በዚያ ሽቦ የሚሞቀው ክፍል በሙሉ እንደ ድንጋይ በርዷል። ጠጋኙ መጥቶ «ሬዚስታንሱ ተበጥሷል» ይላል፣ ይቀጥለዋል፣ ጋገራው ይቀጥላል።

ለምንድን ነው ትንሽ ብጣሽ ሁሉንም የምታቆመው? ምክንያቱም ኮረንቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሌላ አማራጭ የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ማሞቂያ አስቡ። እንደ ቀበቶ የሚተጣጠፍ ጥቁር የፕላስቲክ ገመድ ነው። የፈለጋችሁት ርዝመት ላይ ብትቆርጡት የቀረው ክፍል ይሠራል። ሲበርደው የበለጠ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ማንም ሳይነካው ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። ውስጡ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የለም፣ ኮምፒዩተር የለም። የሚያሞቀው ክፍል ቢመረመር የሚገኘው ሁለት ነገር ነው፦ የፌስታል ወገን የሆነ ፕላስቲክና ከድስት ቂጥ የምንፍቀው የጥላሸት ዘመድ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስደናል። በመሐሉም አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ ዋናው ግኝት መጀመሪያ ላይ ሲታይ ጉድለት ይመስል ነበር።

ሽቦ አያውቅም

ከሽቦው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ኮረንት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈጠር ለክቶ ሕጉን አወጣ። ኮረንት የሚባለው የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በመንገዳቸው ላይ ከአተሞች ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን ያራግፋሉ፤ ያ የተራገፈው ጉልበት ሙቀት ነው። ጉዟቸውን የሚያስቸግረውን መሰናክል ሬዚስታንስ እንለዋለን፤ የሚለካውም በኦም ነው።

ሕጉ ቢታወቅም ጥሩ ሽቦ አልነበረም። አብዛኛው ብረት ግሎ አየር ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ ኒኬልና ክሮምየም ቀላቅሎ ለሠራው ሽቦ ፓተንት አገኘ። ኒክሮም የሚባለው ይህ ሽቦ ቀይ እስኪሆን ግሎም ይጸናል። የዳቦ መጥበሻውም፣ ካውያውም፣ ምድጃውም ከዚያ በኋላ ተስፋፉ።

ሰው ግን ምድጃ ብቻ አልፈለገም፤ የሚለበስ ሙቀትም ፈለገ። በ1910ዎቹ ዓመታት ሽቦ የተሰፋባቸው የማሞቂያ ጨርቆች ለታማሚዎች መሠራት ጀመሩ። ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቢ-17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች 7,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ይበሩ ነበር። እዚያ ያለው አየር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ይብሳል። የጎን ተኳሾቹ የሚቆሙት ክፍት መስኮት ላይ ነው። በባዶ እጁ ብረት የነካ ሰው ቆዳው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእንግሊዝ እየተነሱ ይበሩ ከነበሩት አሜሪካውያን መካከል ከጠላት ጥይት ይልቅ ብርድ የጎዳቸው ይበዙ ነበር።

መፍትሔው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበር። ከጓንት እስከ እግር ሽፋን ሽቦ ተሰፍቶበት ከአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ጋር ይገናኛል። ልብሱ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን የቀደሙት ልብሶች ሽቦ እንደ ምጣዳችን በአንድ መንገድ የተቀጣጠለ ነበር። አስቡት፦ ወታደሩ ክንዱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ይንበረከካል፣ ይዞራል። ሽቦ ደግሞ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰለቻል፤ እንደ ሚስማር ደጋግማችሁ ብታጥፉት ይሰበራል። የአንድ ጣት ሽቦ ከተበጠሰ መላው ልብስ ይበርዳል፤ ሰውየው ደግሞ ያለው ሰማይ ላይ ነው። በኋላ የመጡት ልብሶች ሽቦው በበርካታ መንገድ እንዲከፋፈል ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው።

ከመበጠስ የባሰ ሌላ ችግርም አለ። ሽቦ የት እንዳለ አያውቅም። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቷል እንበል። አንዱ ጥጉ ታጥፎ ትራስ ተጭኖበታል። ኒክሮም ሲሞቅም ሲበርድም ሬዚስታንሱ ብዙ አይለወጥም፤ ስለዚህ ትራሱ ሥር ያለውም ሽቦ፣ አየር ላይ ያለውም ሽቦ በየሴኮንዱ እኩል ሙቀት ይሠራሉ። አየር ላይ ያለው ሙቀቱን ይበትናል። ትራስ ሥር ያለው ግን መበተኛ የለውም፤ ይጠራቀማል፣ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ ጨርቁን ያቃጥላል። ተቆጣጣሪ መሣሪያ ቢደረግለትስ? ተቆጣጣሪው የሚያውቀው እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። እሱ እግርጌ ተቀምጦ ራስጌ ሲጨስ አይሰማም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነበር፦ መንገዱ ብዙ የሆነ፣ እያንዳንዷ ነጥቡም የራሷን ሙቀት የምታውቅ ነገር። ይህ ነገር ከሽቦ ፋብሪካ አልመጣም። የመጣው ከጥላሸት ነው።

ስሙ ያልተከበረው ዱቄት

በእኛ ቋንቋ «ስሙን ጥላሸት ቀባው» ማለት አዋረደው ማለት ነው። ሆኖም ጥላሸትን ያህል የሰውን ልጅ ያገለገለ ነገር ጥቂት ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም ይዘጋጅ የነበረው በጥላሸት ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም አልደበዘዘም። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ በቀላሉ አይለወጥም፣ ፀሐይም አያነጣውም።

ፋብሪካ የሚያመርተው ጥላሸት ካርቦን ብላክ ይባላል። ዘይት ወይም ጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል የሚቀር ነው፤ ከድስቱ ጥላሸት የሚለየው ንጹሕና ወጥ በመሆኑ ነው። አንዷ ቅንጣት በጣም ትንሽ ናት። 30 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶችን ብትደረድሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ለመሙላት ከ2,000 በላይ ያስፈልጋሉ። ቅንጣቶቹ ደግሞ ብቻቸውን አይቆሙም፤ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው፣ ቅርንጫፍ አውጥተው ይገኛሉ። ይህን ቅርንጫፍ አስታውሱት፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

የመኪና ጎማ ለምን ጥቁር እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የጎማ ዛፍ ወተት ነጭ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎችም ነጣ ያሉ ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ጥላሸት የተቀላቀለበት ጎማ በጣም ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው እንደሆነ ታወቀ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ጎማ ሁሉ ጠቆረ። ጥላሸት የተጨመረው ለውበት ሳይሆን ለጉልበት ነው።

ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የጎማ ጓንት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ጥላሸት ግን ያስተላልፋል። በቂ ጥላሸት ሲጨመርበት ጎማው ራሱ አስተላላፊ ይሆናል፤ እየተለጠጠም፣ እየተጣጠፈም ኮረንት ያሳልፋል።

ይህ መጀመሪያ የጠቀመው ለማሞቂያ አልነበረም። በዚያ ዘመን በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ለማደንዘዣ የሚያገለግለው ኤተር በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ነበር። ሹራብ ስታወልቁ ጠጭ ጠጭ የምትለዋ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለፍንዳታ ትበቃለች። ስለዚህ የሐኪሞቹ ጫማ ሶል፣ የጋሪዎቹ ጎማ፣ የጋዙ ቱቦ ጥላሸት በበዛበት አስተላላፊ ጎማ እንዲሠራ ተደረገ። በሰውነትና በዕቃ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብልጭ ከማለቱ በፊት ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ጥቁሩ ጎማ ዝም ብሎ ሕይወት ያተርፍ ነበር።

ኮረንት ካሳለፈ ደግሞ ይሞቃል፤ የጁል ሕግ ለሽቦም ለጎማም ያው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ክፍል ለማሞቅ የሚያገለግሉ የአስተላላፊ ጎማ ገበታዎች ተሠሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፦ ጥላሸቱ ስንት ሲሆን ነው ጎማው ማስተላለፍ የሚጀምረው?

ወንዝ የሚያሻግረው የመጨረሻው ድንጋይ

የምትጠብቁት ምናልባት ይህን ይሆናል፦ ትንሽ ጥላሸት ሲጨመር ትንሽ ያስተላልፋል፣ ብዙ ሲጨመር ብዙ ያስተላልፋል። እንደዚያ አይደለም!

ወንዝ ዳር ቆማችኋል እንበል። ድንጋይ እያነሳችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ወንዙ ትወረውራላችሁ። አሥር ድንጋይ ወረወራችሁ፤ መሻገር አይቻልም። ሃምሳ ወረወራችሁ፤ እዚህም እዚያም ተከምሯል፣ አሁንም አይቻልም። መቶ፣ መቶ ሃምሳ... ከዚያ በአንድ ቅጽበት አንዲት ድንጋይ ወድቃ ሁለት ክምሮችን ታገናኝና በቃ፣ ከዳር እስከ ዳር መንገድ ተከፈተ። ያቺ ድንጋይ ከሌሎቹ የተለየች አይደለችም። የተለየው ጊዜዋ ነው።

ጥላሸትም እንዲሁ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ጥቂት ሲሆን ዘለላዎቹ እንደ ደሴት ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ ኮረንት አያልፍም። መጠኑ አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ግን ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ሰንሰለት ይፈጠራል፤ ሬዚስታንሱም ቁልቁል ይወድቃል፣ ያውም በሺዎች አልፎ አልፎም በሚሊዮኖች እጥፍ።

የዚህን ሒሳብ ያወጡት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፦ ሳይመን ብሮድቤንትና ጆን ሐመርስሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1957። የሚገርመው፣ ጥያቄው የመጣው ከኤሌክትሪክ አይደለም። ብሮድቤንት ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች የሚሆን የጋዝ ጭንብል ላይ ይሠራ ነበር። የጭንብሉ ማጣሪያ ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ነው። ቀዳዳዎቹ በዘፈቀደ ከተያያዙ ጋዙ ከወዲያ ወዲህ መቼ ያልፋል? መቼስ አያልፍም? ከዚህ የተወለደው ሒሳብ የስርገት ንድፈ ሐሳብ ሊባል ይችላል፤ ውኃ በአፈር ውስጥ ከመስረጉ ጀምሮ የደን እሳት እስከ መዛመቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። የፊዚክስ ሰዎች በኋላ ይህን ሒሳብ ወደ አስተላላፊ ድብልቆች አመጡት። ክብ ቅንጣቶች በዘፈቀደ ከተበተኑ ወሰኑ ከጠቅላላው ይዘት 16 በመቶ አካባቢ ነው። ቅርንጫፍ ያለው ጥላሸት ግን ሩቅ ስለሚደርስ ከዚያ ባነሰ መጠን ይያያዛል። ቅርንጫፉን አስታውሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅንጣቶቹ የግድ መነካካት የለባቸውም። በመሐላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከሆነ ኤሌክትሮን ሊሻገር ይችላል፤ ይህ የኳንተም ፊዚክስ ሥራ ነው። ነገር ግን ክፍተቱ በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ መሻገሩ በእጅጉ ይቀንሳል። የታሪካችን ቁልፍ ያለው እዚህች ትንሽ ክፍተት ላይ ነው።

ጉድለት ወይስ ስጦታ?

አሁን ሌላውን ገጸ ባሕርይ እናስገባ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ ዊኒንግተን በተባለ ቦታ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሲጨምቁ መሣሪያቸው ውስጥ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ። ሊሠሩት አስበው አልነበረም። ያ ነጭ ነገር ፖሊኤቲሊን ነው፤ ዛሬ ፌስታሉም፣ ጀሪካኑም፣ የውኃ ቱቦውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ፖሊኤቲሊን እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ክምር ነው። በየቦታው ሰንሰለቶቹ እንደታጠፈ ነጠላ ተደራርበው በሥርዓት ይቀመጣሉ፤ ይህ ክሪስታል ይባላል። በሌላው ቦታ ደግሞ እንደተወሳሰበ ክር ተመሰቃቅለው ይቀራሉ። ጥላሸት ሲቀላቀልበት ክሪስታሉ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ታጥፈዋልና ያስወጡታል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ምስቅልቅሉ ክፍል ይገፋል፤ እዚያ ተጨናንቆ ይያያዛል፣ ኮረንትም ያሳልፋል።

ሲሞቅስ? ፖሊኤቲሊን እንደ ዓይነቱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ክሪስታሎቹ ይፈታሉ። የታጠፈው ሁሉ ይዘረጋል፣ ፕላስቲኩ ያብጣል። ተጨናንቀው የነበሩት የጥላሸት ዘለላዎች ሰፊ ቦታ ያገኛሉ፣ ይራራቃሉ። ያቺ ጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ትሰፋለች። መንገዶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ ሬዚስታንሱም በሺህና ከዚያ በላይ እጥፍ ይዘላል።

እ.ኤ.አ. በ1945 ፍሪድማን የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር ባቀረበው የፓተንት ማመልከቻ ላይ ጥላሸትና ፖሊኤቲሊን ሲቀላቀሉ ይህን ጠባይ እንደሚያሳዩ ገለጸ። እስቲ ለአፍታ አስቡበት። አስተላላፊ ለመሥራት የተነሣ ሰው ይህን ቢያይ «ኧረ ይሄማ የተበላሸ ነገር ነው፣ ሲሞቅ ማስተላለፉን ይተዋል!» ሊል ይችላል። ማሞቂያ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ጉድለት ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው።

ቁጥር እናስገባበት። ቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሚወጣውን ኃይል ለማግኘት ቮልቴጁን በራሱ አባዝተን ለሬዚስታንሱ እናካፍላለን። 220 በ220 ሲባዛ 48,400 ነው። የማሞቂያው ሬዚስታንስ 484 ኦም ከሆነ ኃይሉ 100 ዋት ይሆናል። ሞቆ ሬዚስታንሱ አሥር እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ 10 ዋት ይወርዳል። መቶ እጥፍ ሲሆን 1 ዋት ብቻ ይቀራል። ተቀነሰ፣ ቀዘቀዘ፤ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ተመልሶ ይታጠፋል፣ ጥላሸቱ ይጨናነቃል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ እንደገና ይሞቃል። ማንም አላዘዘውም።

የታጠፈው ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠውን ትራስ አስታወሳችሁ? ከዚህ ድብልቅ የተሠራ ማሞቂያ ቢሆን ትራሱ ሥር ያለው ክፍል ብቻ ራሱን ይቀንሳል፤ ሌላው እንደነበረ ይሠራል። እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ዘበኛ ናት።

የሃያ አምስት ዓመት ጥበቃ

ታዲያ ከ1945 በኋላ ዓለም በዚህ ማሞቂያ ተሞላ? አልተሞላም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኮህለር የተባለ ሰው በአሜሪካ ተመሳሳይ ፓተንት ሲያገኝ እንኳ ነገሩ ገና ገበያ ላይ የወጣ ተራ ዕቃ አልነበረም። ለምን?

ችግሩ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ የሚሆነው ነው። ክሪስታሉ ከተፈታ በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ቢቀጥል ፕላስቲኩ እንደ ማር ይለሰልሳል። በለሰለሰ ነገር ውስጥ ያሉ የጥላሸት ቅንጣቶች ዝም ብለው አይቀመጡም፤ እየተንሳፈፉ እርስ በርስ ይፈላለጉና እንደገና ይያያዛሉ። ያኔ ሬዚስታንሱ ከጫፍ ተመልሶ ይወድቃል። ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? በሞቀ ቁጥር ኮረንቱ ይጨምራል፤ ኮረንቱ በጨመረ ቁጥር ይሞቃል። ዘበኛው ሌባ ሆነ ማለት ነው! ከዚህ ሌላም፣ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጥላሸቱ የሚመለሰው ወደ ድሮ ቦታው አይደለም። ዛሬ 100 ዋት የሰጠ ማሞቂያ ከጥቂት ወራት በኋላ ምን እንደሚሰጥ ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው አይሸጥም።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ፣ ከኒውክሌር ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አርተር ቻርለስቢ በእንግሊዝ ሐርዌል ፖሊኤቲሊንን በኒውክሌር ማብለያ ጨረር ሲመታው ምን እንደሚሆን አሳተመ። ጨረሩ ከሰንሰለቶቹ ላይ ሃይድሮጅን ይነቅላል፤ የተነቀለበት ቦታ ከጎረቤት ሰንሰለት ጋር ይታሰራል። ተለያይተው ይንሸራተቱ የነበሩት ክሮች እንደ ዓሣ መረብ በቋጠሮ ይያያዛሉ። እንዲህ የታሰረ ፕላስቲክ ሲሞቅ ክሪስታሉ ይፈታል፣ ያብጣል፤ ግን አይፈስስም። መረቡ ይዞታል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ፖል ኩክ በካሊፎርኒያ ሬይኬም የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው ሙያ ፕላስቲክን በኤሌክትሮን ጨረር እየመቱ ማሰር ነበር፤ መጀመሪያ የሠሩት ለአውሮፕላን የሚሆን ሙቀት የሚችል የሽቦ ልባስ ነው። ይህ ሙያ ጥላሸትና ፖሊኤቲሊንን ሲያገኝ የቀረው ቁራጭ ገጠመ። መረቡ ጥላሸቱን በየቦታው ያስረዋል፤ ሲያብጥ ይራራቃል፣ ሲኮማተር ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ተንሳፎ የትም አይሄድም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ራሱን የሚቆጣጠረው የማሞቂያ ገመድ ገበያ ላይ ዋለ።

አሠራሩን መሰላል አስባችሁ ተረዱት። ሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። በመሐላቸው ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ርከኖች ነው። ኮረንት ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው የሚሻገረው በርከኖቹ ነው፤ ሙቀቱም የሚፈጠረው እዚያው ነው። መሰላል ከመሐል ቢቆረጥ አጭር መሰላል ይሆናል እንጂ መሰላልነቱ አይቀርም። የምጣዱ ሽቦ ግን ገመድ ነው፤ ከተቆረጠ የሚያደርስ የለም።

የት የት ይገኛል?

ብርድ አገር ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ውኃ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቱቦ ውስጥ ከሆነ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በቱቦዎች ላይ ይህ ገመድ ይለጠፋል። ነፋስ የሚመታው ጥግ የበለጠ ይሞቃል፣ ቤት ውስጥ የሚያልፈው ራሱን ይቀንሳል። በነዳጅና በኬሚካል ፋብሪካዎች ወፍራም ዘይት በቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በአንዳንድ መኪኖች የጎን መስታወት ጀርባ ያለው ስስ ጥቁር ማሞቂያም የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ጥላሸት ያለበት ቀለም ፕላስቲክ ላይ ታትሞ የተሠራ ነው።

አንድ ደግሞ ልጅም አለው፣ ለማሞቂያ ያልተሠራ። ሬዚስታንሱ በድንገት መዝለሉ ኮረንት ለማገድም ይሆናል። በኮምፒዩተሮችና በባትሪዎች ውስጥ ያሉ ትንንሽ መከላከያዎች ከዚሁ ድብልቅ የተሠሩ አሉ። ኮረንት ሲበዛ ይሞቃሉ፣ መንገዱን ይዘጋሉ፤ ችግሩ ሲያልፍ ቀዝቅዘው ይከፍቱታል። እንደ ድሮው ፊውዝ ተቃጥለው አይጣሉም።

ለምጣድስ? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እንጀራ ለመጋገር 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ፖሊኤቲሊን ደግሞ ከዚያ ብዙ ሳይደርስ ይፈታል። ስለዚህ ምጣዱ ለጊዜው ከኒክሮም ሽቦው ጋር ይኖራል። ይህ ድብልቅ የሚያምርበት ለስለስ ያለ ሙቀት በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ገመዱ ከዓመታት በኋላ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መረቡ ቢይዘውም አንዳንድ መንገዶች ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። የሚለበስ ማሞቂያ ሲሆን ደግሞ ጣጣው ይበዛል፦ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ይታጠባል። ሲለጠጥ ጥላሸቱ ይራራቃል፤ ሞቆ የተራራቀውን ከተለጠጠው ማን ይለየዋል? ተመራማሪዎች ከጥላሸት ይልቅ የካርቦን ናኖቱቦ የሚሞክሩት ለዚህ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ትኩረት የሳበባቸው እነዚህ ቱቦዎች እንደ ክር ረጃጅም ስለሆኑ ከ1 በመቶ ባነሰ መጠን እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይያያዛሉ። በወንዙ ምሳሌያችን ከድንጋይ ይልቅ ረጅም ግንድ እንደ መወርወር ነው።

እናንተም ሞክሩት

ይህን ታሪክ በገዛ ጠረጴዛችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው 6ቢ ወይም ሌላ ለስላሳ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ነው። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል ካርቦን ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ እርሳሳችሁ ራሱ የካርቦን ድብልቅ ነው።

ወረቀቱ ላይ የጣት ስፋትና የጣት ርዝመት ያለው መስመር አጥቁራችሁ፣ ደጋግማችሁ ቀቡ። ከባትሪው አንድ ጫፍ የተነሣው ሽቦ የመስመሩን አንድ ዳር ይንካ። የመብራቱ አንድ እግር ሌላውን ዳር፣ ሌላው እግር ደግሞ በሁለተኛው ሽቦ የባትሪውን ሌላ ጫፍ ይንካ። መብራቱ ካልበራ እግሮቹን አገላብጡ። ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አሁን መብራቱን በእርሳሱ መስመር ላይ ወደ ሽቦው አስጠጉት፤ ይደምቃል፣ ምክንያቱም መንገዱ አጠረ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ በስሱ የተሰመረ መስመር ሞክሩ፤ ላይበራ ይችላል። ከዚያ እየደጋገማችሁ አጥቁሩት። የሚበራባትን ቅጽበት ጠብቁ፤ የመጨረሻዋ ድንጋይ ያቺ ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ነው። ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር በፍጹም አታገናኙት፤ ይገድላል።

መብራቷ ስትበራ ፍሪድማንን አስታውሱት። ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የሚያስረው መረብ እስኪገኝ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፓተንት ውስጥ ተኝቶ ቆየ። መረቡን ያመጡት ደግሞ ስለ ማሞቂያ ጨርሶ ያላሰቡ ሰዎች ናቸው።